የእንቍጣጣሽ ሥዕልና የፖስት ካርድ ሥራ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ፥ በእጅ ሥራ ክበብ ስም የተደረገ ንግግር)



በዚህ በዓል ላይ እንድናገር የተፈቀደልኝ በእጅ ስለሚሠራ የበዓል ካርድ፥ በተለመደው ስሙ ስለ ፖስት ካርድ ነው። ስለ ሳይንስና ስለ ሕክምና ከተናገሩት ጓደኞቼ ቀጥሎ ስለ ወረቀት፥ ስለ ኮላና ስለ ብልጭልጭ ለመናገር መነሣቴ እንደ ቀልድ ይቈጠርብኝ ይሆናል። ይሁን እንጂ በክበባችን ውስጥ በዚህ በትንሹ ነገር ላይ ብርቱ ክርክር ተነሥቷል፤ ክርክሩም እዚህ የተቀመጣችሁትን ወላጆች ስለሚነካ እፊታችሁ ላቀርበው ወደድሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመስከረም 1 ቀን ወንዶች ልጆች የሣሉትን ሥዕል ይዘው በየጎረቤቱና በየዘመዱ ቤት መዞራቸው፥ «እንኳን አደረሳችሁ» ብለው ሥዕሉን ማበርከታቸው፥ ባለቤቱም በምላሹ ገንዘብ መስጠቱ የኖረ ልማድ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከእናንተም መካከል ብዙዎቹ አባቶች በልጅነታችሁ በዚህ መንገድ ያገኛችኋትን ስሙኒ እስከ ዛሬ አልረሳችኋትም። አሁን ግን በሰፈራችን በሳንሱሲም ሆነ በሌላው የአዲስ አበባ ሰፈር፥ ልጆቻቸው ሥዕል ይዘው እንዳይወጡ የሚከለክሉ ወላጆች አሉ። ምክንያታቸውን ስንጠይቅ «ልጄ በየደጁ ሲለምን እንዲታይ አልፈልግም» ይሉናል።

ይህን ቃል የሰሙት የክበባችን አባሎች ተቈጡ። እኔ ግን ደጋግሜ ባሰብሁት ጊዜ ግማሽ እውነት አገኘሁበት። በየደጃችን የሚመጡትን ሥዕሎች እስቲ እናስታውስ። አንዱ ልጅ አንድ ጊዜ የሣለው፥ ወይም ከሌላ ሰው የወሰደው ሥዕል በፎቶ ኮፒ መኪና ሃምሳ ጊዜ ይባዛል። ወረቀቱ ስስ ነው፤ ቀለሙ ጥቍርና ነጭ ብቻ ነው፤ መልአኩ አንድ ዐይኑ ጠፍቷል። ልጁ ወረቀቱን በበሩ ሥር ያሾልክና እጁን ይዘረጋል። ተቀባዩም ሳይመለከተው ጠረጴዛ ላይ ይጥለዋል፤ በማግሥቱ ከቄጤማው ጋር ተጠርጎ ይወጣል። በዚህ ጊዜ የተሰጠው ገንዘብ ምጽዋት ነው እንጂ ለሥዕሉ የተሰጠ ምላሽ አይደለም። ወላጅ ያፈረበት ይህን ከሆነ እኔ አልፈርድበትም።

ነገር ግን መድኀኒቱ ልጁን ቤት መዝጋት ሳይሆን ሥዕሉን ማሳመር ነው ብለን እናምናለን። አያቶቻችን ግድግዳ ላይ ለጥፈውት እስከ ጥምቀት የሚያዩትን ሥዕል ያመጣ ልጅ፥ ሰጥቶ ተቀበለ እንጂ አልለመነም። እንግዲህ እንዲህ ያለው ሥዕል በአንድ ክረምት ለሃያና ለሠላሳ ሰው የሚደርስ ሆኖ እንዴት ሊሠራ እንደሚችል ላስረዳ። ሠላሳውን እያንዳንዱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእጅ መሣል ትዕግሥትን ያስጨርሳል። ሠላሳውንም በመኪና ማባዛት አሁን የነቀፍሁትን ያስከትላል። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ስቴንስል ነው።

ወደ አሠራሩ ከመግባቴ በፊት ግን ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አለመሆኑን ላሳይ። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው የታተመ የበዓል ካርድ መነሻ በ1843 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር የተሠራው ካርድ ነው። ሄንሪ ኮል የተባለ ሰው ለገና በዓል ለሚደርሱት ደብዳቤዎች ሁሉ መልስ መጻፍ ቢያቅተው፥ ጆን ካልኮት ሆርስሊ የተባለውን ሠዓሊ አንድ ሥዕል እንዲሠራለት ጠየቀው። ሥዕሉ 1,000 ያህል ታተመና በእጅ ቀለም ተቀባ፤ ከኮል የተረፈውም እያንዳንዱ በአንድ ሺሊንግ ለገበያ ቀረበ። በካርዱ ላይ ከላይ የተቀባዩ፥ ከታች የላኪው ስም በእጅ የሚጻፍበት ባዶ ቦታ ተትቶ ነበር። ጊዜ አጥቶ ወደ ማተሚያ የሄደው ሰው እንኳ ይህን ሥራ ለማተሚያው አሳልፎ አልሰጠም። ኮል ለአያቱ የላከው ካርድ ሳይጠፋ ቈይቶ በ2001 እ.ኤ.አ. በጨረታ በ22,500 ፓውንድ ተሸጧል። ይህን ያህል ዋጋ ያወጣው በዕድሜው ብቻ አይመስለኝም፤ የልጅ ልጅ እጅ ጽሑፍ ስላለበትም ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዪትካ ሳምኮቫ የተባለች የሰባት ዓመት ልጅ፥ በቼኮስሎቫኪያ ለምትኖርበት መንደር ርዳታ ላደረገው ለተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት ድርጅት፥ ለዩኒሴፍ፥ ምስጋና ይሆን ዘንድ የሚጨፍሩ ልጃገረዶችን ሣለች። በዚያን ጊዜ ወረቀት ስላልነበረ የሣለችው በመስታወት ላይ ነው። ድርጅቱም ሥዕሉን በ1949 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ካርዱ አድርጎ አሳተመው። ይህን ያመጣሁት «ወረቀት አጣን፥ ቀለም አጣን» ለምንል ለእኛ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ቋንቋ ልመለስ። እንግሊዛዊ ለአያቱም፥ ለወንድሙም፥ ለመላው ጎረቤትም ምኞቱን የሚጽፈው በአንድ ዐይነት ቃል ነው። በአማርኛ ግን ይህ አይቻልም። ለእኩያ ወንድ «እንኳን አደረሰህ»፥ ለእኩያ ሴት «እንኳን አደረሰሽ»፥ ለታላቅ ሰው «እንኳን አደረሰዎ»፥ ለቤተ ሰብ «እንኳን አደረሳችሁ» ነው የሚባለው። ማተሚያ ቤት ካርዱ ለማን እንደሚሄድ ስለማያውቅ ከአራቱ አንዱን መምረጥ አለበት፤ አብዛኛውን ጊዜም ማንንም የማያስቀይመውን «አደረሳችሁ» ይመርጣል። ስለዚህ ባሏ ሞቶ፥ ልጆቿ ሩቅ አገር ሄደው ብቻዋን የቀረች አሮጊት፥ በቤቷ ሌላ ሰው እንዳለ ሁሉ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል ካርድ ይደርሳታል። በስልክ ለመቶ ሰው በአንድ ጊዜ የሚላከው መልእክትም እንዲሁ ነው። ይህን ስናስብ በክበባችን አንድ ደንብ አወጣን፤ ሥዕሉ በስቴንስል ይሠራ፥ ጽሑፉ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፊደል በእጅ ይጻፍ፥ የተቀባዩም ስም ይጠራበት። «ለእማማ እገሊት፥ እንኳን አደረሰዎ» ብሎ የጻፈ ልጅ ካርዱን ለሌላ ሰው ሊሰጠው አይችልም። ወደዚያች ቤት መሄድ ግድ ይሆንበታል።

ስቴንስል ማለት ቅርጹ ተቈርጦ የወጣለት ጠንካራ ወረቀት ወይም ፕላስቲክ ነው። ቀለሙ በተቈረጠው ክፍተት ብቻ አልፎ በሥሩ ባለው ወረቀት ላይ ያርፋል። በቡና ጆንያ ላይ የምታዩት ጽሑፍ የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። ቀድሞ መምህራን ፈተና ያባዙበት የነበረው የሰም ወረቀትም ስሙ ስቴንስል የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የጽሕፈት መኪናው ሰሙን እየወጋ መንገድ ይከፍታል፥ ቀለሙም በዚያ መንገድ ያልፋል።

ለመቍረጥ የሚሻለው ዕቃ የቱ ነው? ተራ ካርቶን በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ካርድ ላይ ቀለሙን ጠጥቶ ይለሰልሳል፥ ጠርዙም ይፈርሳል። እኛ ፈትነን እጅግ የወደድነው ያረጀ የራጅ ፊልም ነው። ቀለም አይጠጣም፤ በእርጥብ ጨርቅ ቢጠርጉት ይጠራል፤ በደንብ ከያዙት ለዓመታት ያገለግላል። በፊልሙ ላይ መሣል ስለማይመች ቅርጹን በወረቀት ላይ ሥላችሁ ወረቀቱን በፊልሙ ላይ ለጥፉና ሁለቱን አንድ ላይ ቍረጡ። መቍረጫው ምላጭ ነው፤ ግማሹ በጨርቅና በፕላስተር በደንብ መጠቅለል አለበት። ታናናሽ ወንድሞችና እኅቶች ቀለም ይቀቡ እንጂ ምላጭ አይንኩ። ስትቈርጡ ከትንንሹ ክፍተት ጀምራችሁ ትልቁን መጨረሻ አድርጉ፤ ትልቁ አስቀድሞ ከወጣ ፊልሙ ይላላና ትንንሹ ሲቈረጥ ይቀደዳል። ኩርባ ሲያጋጥም ምላጩን ሳይሆን ፊልሙን አዙሩ።

ከሁሉ የሚያስቸግረው «ደሴት» የምንለው ነገር ነው። ክብ ቀለበት ለመሥራት የውጭውንም የውስጡንም መስመር ብትቈርጡ፥ መካከሉ የሚይዘው ስለሌለ ይወድቃል፤ ቀለበት የነበረው ድፍን ክብ ይሆናል። ስለዚህ ከውጭ ወደ ውስጥ ቀጭን ድልድይ መተው ያስፈልጋል። የእኛ ፊደል በዚህ በኩል ተንኰለኛ ነው። «መልካም አዲስ ዓመት» የሚለውን በስቴንስል ልሥራ ያለ ሰው የመን ሁለት ዐይኖችና የዓን ክብ ሆድ መሬት ላይ ለቅሞ ያውቃል። ጽሑፉ በእጅ ይሁን ያልንበት አንዱ ምክንያት፥ እውነቱን ለመናገር፥ ይህም ጭምር ነው።

ቀለሙ በቍራጭ ስፖንጅ ይነካል፤ ያረጀ ፍራሽ ውስጥ ያለው ስፖንጅ ይበቃል። ስፖንጁን ቀለም ውስጥ ከነከራችሁ በኋላ በሌላ ወረቀት ላይ ደጋግማችሁ መታ መታ አድርጉት፤ የደረቀ እስኪመስል ድረስ። ውሃ የበዛበት ቀለም ከቅርጹ ጠርዝ ሥር ሾልኮ ይገባና አበባው የፈሰሰ ሽሮ ይመስላል። ስፖንጁን ወደ ጎን አትጥረጉት፤ ከላይ ወደ ታች ብቻ መታ አድርጉት። በመጀመሪያ ቢጫውን፥ ሲደርቅ ቀዩን፥ መጨረሻ ላይ ጥቍሩን ቅቡ። ስቴንስሉንም በሁለት እጅ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ አንሡት። የካርዱን መጠን በተመለከተ፥ አንድ ኤ-4 ወረቀት ለሁለት ተቈርጦ እያንዳንዱ ቢታጠፍ ሁለት ካርድ ይወጣዋል፤ ሳይታጠፍ ከሆነ አራት ይወጣዋል። ሠላሳ የታጠፈ ካርድ ለመሥራት ዐሥራ አምስት ወፈር ያለ ወረቀት ይበቃል ማለት ነው።

ምን እንሣል? እዚህ ላይ ጥቂት ልቈይ፤ ምክንያቱም የአገራችን ባሕረ ሐሳብ ለስቴንስል ሥራ የተመቸ ሆኖ ስላገኘነው ነው። ዘመኑ በአራቱ ወንጌላውያን ስም ተራ በተራ ይጠራል። የትኛው እንደ ሆነ ለማወቅ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5,500 ትደምሩና ለ4 ታካፍላላችሁ። 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፥ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፥ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፥ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። ለምሳሌ 2019 ሲደመር 7,519 ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ ዘመነ ሉቃስ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግሞ ማቴዎስ በገጸ ሰብእ፥ ማርቆስ በገጸ አንበሳ፥ ሉቃስ በገጸ ላሕም፥ ዮሐንስ በገጸ ንስር ይመሰላል። እንግዲህ አስቡት፤ ሰው፥ አንበሳ፥ ላምና ንስር፥ አራት ስቴንስል በደንብ አድርጎ የቈረጠ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሌላ መቍረጥ አያስፈልገውም። በየዓመቱ አንዱን አውጥቶ ሠርቶበት ይመልሰዋል፤ አራት ዓመት ያርፍና ተራው ሲደርስ እንደገና ይወጣል። በውስጡም በእጃችን «እንኳን ከዘመነ ማርቆስ ወደ ዘመነ ሉቃስ በሰላም አሸጋገረዎ» ብለን እንጽፋለን። የመጨረሻዋን ቃል በሕክምና ተማሪ ጥንቃቄ ተመልከቷት፤ «አሸጋገረህ» ወይም «አሸጋገረዎ» መሆኑን አትሳቱ።

አደይ አበባን ሳይሥል የሚያልፍ ልጅ የለም፤ ነገር ግን አብዛኞቻችን የምንሥለው አደይን ሳይሆን ማንኛውንም አበባ ነው፤ አምስት ክብ ቅጠል በአንድ ክብ ዙሪያ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ካርዱ የሚሠራው በነሐሴ ነው፤ አደይ ሜዳውን ቢጫ የምታደርገው ግን በመስከረም ነው። በነሐሴ አይተን የምንሥላት አደይ የለችም። ስለዚህ በመስከረም ሁለት ሦስት አበባ ቀጥፋችሁ፥ በጋዜጣ መካከል አድርጋችሁ፥ ከወፍራም መጽሐፍ በታች አስቀምጡ። በሚመጣው ክረምት አውጥታችሁ ቅጠሎቿን ቍጠሩ፥ ጫፋቸውን ተመልከቱ፥ ከዚያ ቍረጡ። ይህን ያደረገ ልጅ ሥዕሉን ሲሰጥ ተቀባዩ «ይህችማ አደይ ናት» ይለዋል። ሌላ ምስጋና አያስፈልገውም።

የመልአክ ፊት የምትሠሩ ደግሞ በጎንደር የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ የተደረደሩትን ክንፍ ያላቸውን ፊቶች አስቡ። በሩቅ ሲያዩዋቸው አንድ ዐይነት ይመስላሉ፤ በእጅ የተሣሉ በመሆናቸው ግን ቀረብ ብሎ ላያቸው አንዱ ከሌላው ጥቂት ጥቂት ይለያል። እኛም ክንፉንና የፊቱን ክብ በስቴንስል፥ ዐይኑን ግን በብዕር እናድርግ። ዐይን ሁለት ጊዜ አንድ ዐይነት ሆኖ አይወጣም፤ ስለዚህ ሠላሳውም መላእክት ለየራሳቸው ይሆናሉ።

በክፍላችን የእስልምና ተከታዮች የሆኑ ጓደኞቻችን ለዒድ የሚሆን ካርድ መሥራት ጀምረዋል። ሁለት አራት ማዕዘኖች አንዱ ባንዱ ላይ ተዛንፈው ሲቀመጡ ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ ይወጣል፤ ይህ ቅርጽ አንዲት ደሴት ስለሌለበት ለጀማሪ ሁሉ እጅግ የሚመች ነው። የዒድ ቀን በጨረቃ ስለሚወሰን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ይመጣል። የታተመ ካርድ ቀን ከተጻፈበት ለከርሞ አይሆንም። በእጅ የሚጻፈው ግን ጨረቃ እስክትታይ ቦታውን ባዶ አድርጎ ይጠብቃል።

አሁን ወደ ብልጭልጩ ልምጣ፤ ታናናሾቻችን እስካሁን የታገሡኝ ለዚህ ነውና። ብልጭልጭ የሚቀመጠው ቀለሙ ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ነው። ኮላውን በጥቂት ውሃ አቅጥናችሁ በስቴንስሉ ክፍተት፥ ወይም በቀጭን እንጨት ጫፍ በምትፈልጉት ነጥብ ላይ ብቻ አስቀምጡ። ብልጭልጩን ነስንሱ፤ ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ ካርዱን በታጠፈ ወረቀት ላይ አራግፉ፤ የተረፈውን በእጥፉ በኩል ወደ ብልቃጡ መልሱ። ኮላ ሲያልቅ ከዱቄትና ከውሃ ተቀቅሎ የሚሠራው ማጣበቂያ ወረቀት ለመለጠፍ ይሆናል፤ ለብልጭልጭ ግን ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ አይሆንም። ስኳር የነሰነሰ አንድ ጓደኛችን አለ፤ በእርግጥ ያበራ ነበር። በማግሥቱ ጉንዳን ወረሰው።

በብልጭልጭ ነገር ግን ልንጠነቀቅ ይገባል። ዛሬ በሱቅ የሚገኘው ብልጭልጭ ብዙው ስስ ፕላስቲክ ነው፤ በላዩ ቀጭን አሉሚኒየም ተለብጦበት እንደ አሸዋ ደቆ የተቈረጠ ነው። ወረቀት ይበሰብሳል፥ ይህ ግን አይበሰብስም። የአውሮፓ ኅብረት በጥቅምት ወር 2016 ዓ.ም. በጥቅሉ የሚሸጠውን የፕላስቲክ ብልጭልጭ ገበያ ላይ እንዳይውል የከለከለው በዚህ ምክንያት ነው። እኛ ደግሞ ከፍ ባለ ቦታ እንኖራለን። በምዕራብ አዲስ አበባ ከቦይ ወደ ቦይ የሚወርደው ውሃ ትንሹን አቃቂ ይቀላቀላል፤ ትንሹ አቃቂም ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳል፤ በመንገዱም ዳር አትክልት የሚያጠጡበት ሰዎች አሉ። እጃችንን በጓሮ ቧንቧ ስንታጠብ የሚሄደው ብልጭልጭ ጎመን ሆኖ ሊመለስልን ይችላል። ስለዚህ እጅና ጠረጴዛ በእርጥብ ወረቀት ይጠረግ፥ ወረቀቱም ቆሻሻ መጣያ ይግባ እንጂ ወደ ቦይ አይታጠብ። ይልቁንም ከቸኮላት ወይም ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ የሚወጣውን የብር ወረቀት በመቀስ አድቅቃችሁ ተጠቀሙ። መጠኑንም ቀንሱ። በእኔ አስተያየት በአንበሳው ዐይን ላይ የተቀመጠች አንዲት ነጥብ፥ ካርዱን ሙሉ ከሸፈነ ብልጭልጭ ይልቅ ታበራለች። በዚህ አሳብ ብዙ የክበባችን አባሎች አይስማሙም፤ ካርዳቸው በአውቶቡስ ላይ ተቀምጦ የነበረውን ሰው ሁሉ ሲያንጸባርቅ ያያችሁት የእነርሱ ነው።

ጊዜውን በተመለከተ፥ ከቡሄ እስከ እንቍጣጣሽ ሦስት ሳምንት ያህል አለ፤ ለሥራው ይበቃል። የሚጐድለው ፀሐይ ነው። ሳንሱሲ የሚለው ስም በፈረንሳይኛ «ያለ ሐሳብ» ከሚለው አነጋገር ጋር ይመሳሰላል ይላሉ፤ በነሐሴ ዝናብ ካርድ የሚያደርቅ ሰው ግን በዚህ ሰፈር ብዙ ሐሳብ አለበት። ካርዶቹን አንዱን ባንዱ ላይ አትከምሩ፤ ይጣበቃሉ። ገመድ ወጥራችሁ በልብስ መቈንጠጫ ስቀሏቸው፤ ከምድጃው ግን አርቁ፥ ጢስ ነጩን ወረቀት ያጠቍረዋል። ጳጕሜን በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ 6 ቀን ስለምትሆን፥ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ለሰነፎች አንዲት የማድረቂያ ቀን ትጨመርላቸዋለች።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። በልማዳችን ሥዕል ይዘው የሚዞሩት ወንዶች ናቸው፤ እኛ ሴቶቹ አበባየሆሽ እያልን እንዘፍናለን። ዘፈኑን እወደዋለሁ፥ አሁንም እዘፍናለሁ። ነገር ግን በክበባችን ካሉት ስቴንስሎች መካከል ንስሩንና አደይቱን የቈረጥሁት እኔ ነኝ፤ ባለፈው እንቍጣጣሽም ካርዶቼን በታናሽ ወንድሜ እጅ መላክ ነበረብኝ። አንዲት ጎረቤታችን ሥዕሉን በጣም ወደውት ወንድሜን «አንተ ጎበዝ» ብለው መርቀውታል። ምርቃቱ ለወንድሜ ይሁን፤ እርሱም ቀለሙን በመቀባት ረድቶኛል። ለሚመጣው ዓመት ግን እኔው ራሴ ይዤ ብሄድ ነውር ያለበት አይመስለኝም፤ እናቶችና አባቶችም እንድታስቡበት እለምናለሁ።

ክቡራን ወላጆች፤ በመስከረም 1 ቀን በራችሁን የሚያንኳኳ ልጅ ሲመጣ ገንዘቡን ከመስጠታችሁ በፊት ሥዕሉን ተቀብላችሁ አንድ ጊዜ ተመልከቱለት። «ራስህ ነህ የሠራኸው? ዐይኑን በምን ሣልኸው?» ብላችሁ ጠይቁት። ራሱ የሠራ ልጅ መልሱን እስኪጨርስ ቡናው ይቀዘቅዛል። ፎቶ ኮፒ ያመጣውም ዐፍሮ በሚመጣው ዓመት ወደ ክበባችን ይመጣል፤ እንቀበለዋለን።

የክበባችን ስብሰባ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት በኋላ ነው። ስቴንስሎቹን ለሚዋሱ ሁሉ እናውሳለን፤ ታጥበው ይመለሱ። በየቤታችሁ ሣጥን ውስጥ ያረጀ፥ ሐኪምም የማይፈልገው የራጅ ፊልም ካለ እባካችሁ አትጣሉት፤ በልጆቻችሁ እጅ ላኩልን። ጥግ ላይ የተጻፈውን ስም ግን ቈርጣችሁ አስቀሩት፤ የማን ጐድን አጥንት አንበሳ እንደ ሆነ ማወቅ አያስፈልገንም።